የመድኃኒቱ ቅባት

ሞጣ መናኸሪያ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አውቶቡሱ ሲመለስ፣ ከቢቸና የተሳፈሩት አዛውንት መሪጌታ ግን መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አግዳሚው ላይ ቀሩ።

«ባሕር ዳር አልሄድም» አሉ። «መድኃኒቱ በቅባት የተጠቀለለ ነው ብለሽኛል። በዐቢይ ጾም ቅባት በደም ሥሬ አላስገባም።»

የሟች ልጃቸው ሚስት ብሩክታይት አጠገባቸው ተቀመጠች። የካንሰራቸው መድኃኒት በናኖ ቴክኖሎጂ እንደተሠራ፣ በዓይን በማይታይ የቅባት ቅርፊት ውስጥ ስለሚጓዝም ልብን ብዙ እንደማይጎዳ መንገድ ላይ ያስረዳቻቸው ራሷ ነበረች። አሁን ባስረዳችው ተጸጸተች።

«ቅባቱ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ነው፣ አባ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ የጾም ነው።»

«መሪጌታ፣ የቀረውን ጸሎት ባሕር ዳር ይድገሙት!» ረዳቱ በሩ ላይ ሆኖ ጮኸ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ።

መሪጌታ አልሳቁም። መቋሚያቸውን በመዳፋቸው ሲያሹ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ የልጄን ልብ ያደከመው የካንሰር መድኃኒት፣ ይህ ቅርፊት ነበረው?» ሲሉ ጠየቁ።

ብሩክታይት ከቀብሩ ወዲህ ስለዚያ መድኃኒት ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«አልነበረውም» አለች። «ቅርፊት ያለውን ፈልገን አጣንለት።»

«ታዲያ እሱ ያጣውን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልውሰድ?»

ነገሩ የጾም እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት።

«ይውሰዱ፣ አባ። ሁለታችሁንም አልጣ።»

መሪጌታ የመቋሚያቸውን አንድ ጫፍ ዘረጉላት። እሷ ጫፉን ይዛ ወደ አውቶቡሱ ቀደመች፤ እሳቸውም ሌላውን ጫፍ ሳይለቁ ተከተሏት።