የጅቡ ጭምብል

ለልጇ ሁለተኛ ዓመት ልደት የአውሬ ጭምብል ከብስኩት ካርቶን እየቆረጠች ነበር። ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ምንጣፉ ላይ አስቀምጣዋለች፤ የምታወራው ከባሏ እህት ጋር ነው። ለልጇ የሠራችው አንበሳ ቀለሙ ደርቋል። አሁን በእጇ የያዘችው ጅብ ግን ለባሏ እህት ልጅ የታሰበ ነው። ባለፈው ወር በዚያ ልጅ ልደት ላይ፣ የእሷ ሴት ልጅ ኬክ ይደገምልኝ ብላ እጇን ብትዘረጋ፣ የባሏ እህት «ኧረ ይቺስ ጅብ ናት!» ብላ የሰፈራቸውን፣ የማንያታን፣ እናቶች ሁሉ አስቃባታለች።

«እትዬ፣ እንዳትቀሪ! ለልጅሽ የሚያምር ጭምብል እየሠራሁለት ነው።»

«ሳዋ ሳዋ፣ እሺ፣ እንመጣለን።»

የጅቡን ጥርሶች አንድ በአንድ ነጭ ቀባቻቸው። ሲበዙ ደስ አላት፤ ሁለት ጨመረች። እናቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ያንን ልጅ ፎቶ ሲያነሱት ታያትና ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ልጇ ከጓዳ ዱብ ዱብ እያለች መጣች። አንበሳውን ረግጣው አለፈችና፣ ቀለሙ ያልደረቀውን ጅብ በሁለት እጇ አንስታ ፊቷ ላይ ለጠፈችው።

«እማ፣ እኔ ጅብ!» ብላ በደስታ ጮኸች። «እኔ ጅብ!»

እናትየዋ ስልኩን ለመዝጋት ተወረወረች፤ አልደረሰችም።

«አላልኩሽም?» አለች የባሏ እህት፣ በሳቅ እየፈረሰች።