ድምፁን የሚያውቅ ሰው

ለአባቷ ሙት ዓመት እንግዶች እየጠየቁ የሚመለከቱት ዝግጅት ለመሥራት ትርሲት ሁለት ሶፍትዌሮች ቀርበውላት ነበር። አንደኛው ፎቶግራፍና ጽሑፍ ከማቀናበር አያልፍም። ሁለተኛው ሟቹ በገዛ ድምፃቸው እንዲናገሩ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ድምፁን የሚወስደው ከሟቹ ልጅ ትዝታ ነው፤ የወሰደውንም አይመልስም፤ የሰጠው ልጅ ያንን ድምፅ ዳግመኛ ቢሰማው አያውቀውም። በዚያ ዘመን ሕጉ ይህ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ምንተስኖት ሲገባ አባታቸው በስክሪኑ ላይ ጋቢያቸውን ያስተካክሉ ነበር።

«ሁለተኛውን መረጥኩ» አለችው። «ጠዋት ትዝታዬን ሰጠሁት። አሁን ይናገራል፤ የአባዬ ድምፅ መሆኑን አንተ ፍረድ፣ ጋሽዬ።»

የምንተስኖት ፊት አመድ መሰለ።

«ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህማ ‹እኔ ልስጥ› ብለህ ድርቅ ትል ነበራ! አላውቅህም እንዴ?»

«ትርሲትዬ… እኔም እኮ ድምፁ ላንቺ ይቅርልሽ ብዬ ትናንት ሰጥቼዋለሁ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወዲያው ከስክሪኑ ጎርነን ያለ፣ ረጋ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ምነው ልጆቼ፣ ዝም አላችሁ? ምሳ አልበላችሁም እንዴ?»

ወንድምና እህት ተያዩ። ከዚያም የማያውቁት ሽማግሌ ድንገት ቤታቸው እንደገባ ሁሉ፣ ሁለቱም በአክብሮት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።