ደጃፉ ላይ የወለቁ ጫማዎች

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ፕሮግራሙን ያበላሸው አስረስ ነው!» አለ ነብዩ፣ ከእሱ በፊት ማሽኑን ይይዝ የነበረውን ባልደረባውን እየወቀሰ።

«አድርጎሃል!» አሉ አለቃው ወይዘሮ የሺመቤት። «ሰውዬው ከተቀበረ ዓመት አለፈው። የወልቂጤ ሰው የቤት ካርታ ከኮምፒውተሩ ጠፍቶ አንተ መቃብር ትቆፍራለህ?»

ነብዩ ወደ መጠባበቂያ ማሽኑ ዞረ። በየማታው ካሴት እየቀየረ ቅጂ የሚያስቀምጠው የማሽኑ ክንድ ከተንቀሳቀሰ ወራት አልፈዋል፤ ሲንቋቋ ሰልችቶት ትእዛዙን ከፕሮግራሙ የሰረዘው ራሱ ነብዩ ነበር። አሁን መልሶ ጻፈው። ገና ሳያስጀምረው ክንዱ ተነስቶ አንድ ካሴት መዘዘና ማሽኑን አጎረሰ። ለወራት ያልተቀዱት ካርታዎች እስከ ትናንቱ ድረስ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ።

«ጎበዝ የኔ ልጅ!» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «ለካ እውነትህን ነው፤ አስረስ ጉድ አድርጎን ነበር።»

የነብዩ ፊት ጋለ፤ «እኔ ነኝ» በማለት ፈንታ «ምሳ ደርሷል» ብሎ ተነሳ።

ማሽኑ ክፍል አቧራ እንዳይገባ ጫማ የሚወልቀው ደጃፉ ላይ ነው። ከሁለቱ ሰዎች ጫማ አጠገብ ተረከዙ ተረግጦ የተጣጠፈ ቡናማ ጫማ ተቀምጧል። አስረስ ጫማውን እንዲያ ረግጦ ነበር የሚሄደው። ነብዩ ጎንበስ ብሎ የራሱን አስሮ ቀና ሲል ቦታው ባዶ ነበር። ሸርተት ሸርተት የሚል እርምጃ በኮሪደሩ ራቀ። ወይዘሮ የሺመቤት ስለ ምሳ ያወሩ ነበር።