የሌላንድ ሄግስታድ የመጀመሪያ ረቂቅ

ሌላንድ ሄግስታድ የተቀመጠው በሟች ወንበር ላይ ነው። የብራንት ክሪክን ወረዳ ለብዙ ዘመን የወከሉት ሽማግሌ በጥር ወር ድንገት ሲያርፉ፣ የቀረውን ጊዜ ጨርስልን ብሎ ፓርቲው ይህን የስንዴ ገበሬ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ላከው። ሲደርስ ምክር ቤቱ ሥራውን አጋምሷል። ሁሉም ቢጤውን ይዟል፤ አዲስ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ብቸኝነት አይጣል ነው። ሰው በሚተራመስበት ሕንፃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ካፊቴሪያውን ሞክሮት ነበር። ሾርባውን ይዞ ወደ አንዱ ጠረጴዛ ሲጠጋ ወሬው ጸጥ አለ፤ አንዱ ሳቁን በናፕኪን አፈነ። ከዚያ ወዲህ ምሳውን በረዶ ላይ በቆመ ፒክአፑ ውስጥ፣ ሞተሩን አስነስቶ ብቻውን መብላት ያዘ።

የመጣበት ጉዳይ አንድ ነው። ብራንት ክሪክ ያለቻት አንዲት አምቡላንስ ናት፤ ግዛቱ ካልደጎማት በበጋ ትቆማለች። ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከሁለት ሰዓት መንገድ በላይ ይርቃል። ባለፈው ክረምት አምቡላንሷ ለሹፌር የሚከፈል ጠፍቶ ለጊዜው ቆማ ሳለች፣ ሌላንድ ሚስቱን ማርዲስን በዚሁ ፒክአፕ ጭኖ በረረ። ማርዲስ ከግማሽ መንገድ አላለፈችም። ይህን እዚህ ለማንም አልተናገረም። ማን ጠይቆት!

ለአምቡላንሷ ድጎማ ባቀረበው ረቂቅ ሕግ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጠዋት፣ ከጎኑ የሚቀመጡት አሮጊት፣ ወይዘሮ ቨርና ክሌም፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ ወደ እሱ ዞሩ።

“ዛሬ ነው አይደል ያንተ ቀን?”

“አዎ እትዬ።”

“እንግዲህ ጨከን በል። ጎርደን ቪክ ጥርሱን ስሎ እየጠበቀህ ነው።”

ቪክ የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ሲስቅ ወንበሩ የሚንቀጠቀጥ ግዙፍ ሰውዬ።

“ምን አድርጌው?”

“ምንም። ብቻ ስማኝ፤ የፈለገው ቢመጣ ረቂቅህን መልሰህ እንዳትወስድ። እዚህ ቤት የተወሰደ ረቂቅ እስከሚቀጥለው ጉባኤ ድረስ ፊቱን አያሳይም። እሱ ደግሞ ገና ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።”

ይህን ብለው ፈገግ አሉ። ሌላንድ ፈገግታቸውን አልወደደውም።

ተራው ደረሰ። ተነስቶ ስለ መንገዱ ርቀት፣ ስለ በረዶው፣ በየእርሻው ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሽማግሌዎች ተናገረ። ስለ ማርዲስ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። እሱ ገና ከመቀመጡ ቪክ እጁን አወጣ።

“የተከበሩ ሄግስታድ፣ ይህች አምቡላንስ ጥጃ ትጭናለች?”

“ለሰው ናት።”

“ጥጃው በጠና ቢታመምስ?”

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ የሚደብቅ ሳል በዛ። ከኋላ ሌላው ተነሳ።

“ሳይረኗስ የምትጮኸው እንደ ወረዳዎ ስደተኛ አያቶች በኖርዌይኛ ነው በጀርመንኛ? የእኔ መራጮች በማያውቁት ቋንቋ ብትጮህባቸው መንገድ የሚለቁ እንዳይመስልዎት!”

ይባስ ብለው ወይዘሮ ቨርናም እጃቸውን አወጡ። “የሹፌሩ ጺም ምን ያህል ይርዘም የሚለው በረቂቁ ውስጥ የለም። ታስቦበታል?”

እሳቸውም! ጆሮው ጋለ። መሳቂያ ሊያደርጉት ኖሯል ሲንሾካሾኩ የከረሙት። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

አፈ ጉባኤው ድምፅ ስጡ አሉ። ከበላያቸው ባለው ሰሌዳ ላይ የየአባሉ ስም ተደርድሯል፤ የደገፈ በስሙ አጠገብ አረንጓዴ መብራት ያበራል፣ የተቃወመ ቀይ። ሌላንድ ቁልፉን ተጭኖ ቀና አለ። ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ቀላ። አንዲት አረንጓዴ ብቻ በርታለች፤ የራሱ። የጎረቤት ወረዳ ተወካዮች እንኳ ቀይ ናቸው።

አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን አንስተው አላሳረፉም። ሌላንድን ነው የሚያዩት። ሁሉም ዞረው እሱን ነው የሚያዩት። ምን ይጠብቃሉ? እግራቸው ላይ እስኪወድቅ?

ተነሳ።

“ሚስቴ በዚያ መንገድ ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ነው የሞተችው” አለ። ድምፁ ተሰበረ። “አምቡላንሷ ቆማ ነበር። እናንተ ሰዎች፣ እየሳቃችሁ ከምትገድሉት እኔው ይዤው ልሂድ። ረቂቄን መልሼ ወስጃለሁ።”

ሳሉ ሁሉ ቀጥ አለ። ወይዘሮ ቨርና ክንዱን ለቀም አደረጉት።

“ሌላንድ! ተው፣ ቆይ! አንዴ ቆይ!”

“ይበቃኛል እትዬ” ብሎ እጃቸውን ቀስ አድርጎ አነሳው።

ረቂቁን ለሚወስድ ባለቤት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ቃሉ ይበቃል። ጸሐፊዋ እጇ እንደለመደው ቁልፏን ተጫነች፤ ሰሌዳው ጠፋ። ጎርደን ቪክ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ቀርቷል። ቢያንስ አፍረዋል አለ ሌላንድ በልቡ፤ ቢያንስ ያን ያህል ሰው ናቸው። ኮቱን ለበሰና ወጣ። ከባዱ በር ከኋላው ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌው በረኛ ትልቅ ኬክ በሁለት እጁ ተሸክሞ፣ በደስታ ፊቱ በርቶ ቆሟል።

“እንኳን ደስ አለዎት ጌታዬ! ምነው ዛሬ ቶሎ ወደ አረንጓዴ መለሱት? በአዲስ ሰው የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ የቀልዱን ቀይ እንዲህ ባጭሩ ትተውት አያውቁም!”