ክንድ ለክንድ

ሶፋው ላይ ቆማ መሬት የተዘረጋውን ፍራሽ ቁልቁል አየችው። ሶፋው መርከቡ ነው፤ ፍራሹ ደግሞ ወደ ደሴቶቹ የምታሻግራቸው ትንሿ ጀልባ። ባሏ ገና ከቤት ሳይወጣ የጎማ ቦቲውን ተጫምቶ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በመርከበኛው ቦታ ፍራሹ ላይ ቆሟል። ጉዞው ነገ ነው።

«መዳፍ ለመዳፍ አይደለም፤ እርጥብ እጅ ያዳልጣል። ክንድ ለክንድ ነው የምንያያዘው» አላት።

«እሺ፣ ካፒቴን።»

«አትሳቂ! እንዲህ ተያይዞ መውረድ ያቃተውን ሰው መርከቡ ላይ ነው የሚያስቀሩት። ዕድሜ ልኬን የተመኘኋቸውን ወፎች በመስኮት አላይም!»

ክንዱን ይዛ አንድ እግሯን ሰደደች። የእሱ ጣቶች ክንዷ ላይ አረፉ፤ ግን አልጨበጡም። ፍራሹ ሰመጠና ተንገዳገደች። ባሏ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ እሷን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። በሩን ዘግቶ ከሸሚዙ ቁልፎች ጋር መታገል ከጀመረ ሰነባብቷል፤ እሷም እንዳላየች ስታልፈው ከርማለች። አሁን ግን ዓይን ለዓይን ተያይተዋል። እጅጌውን በጥፍሯ ጭምር ጨምድዳ ይዛ፣ እሱንም ራሷንም አቁማ፣ በራሷ ጉልበት ወረደች።

«ኧረ ቀስ በል! ክንዴን ልትሰብረው ነው እንዴ?» አለችና ምንም ያልሆነውን ክንዷን ታሻሽ ጀመር።

የምታሻሸውን ክንዷን አየ።

«አመመሽ?» አላት፣ ተስፋ ባዘለ ድምፅ።

«በጣም» አለችው።