የተዘረፈው ዘፋኝ

ይህን ስነግራችሁ ብዋሽ ስልኬ ዳግመኛ ቻርጅ አይያዝ፤ ሁሉንም በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጓደኛዬ ምናሴ ደሴ መናኸሪያ አጠገብ በሰው ሞባይል ላይ ዘፈን እየጫነ ይኖራል። ሲዲ ሲገዛ ግን አይቼው አላውቅም፤ «ዘፈን እንደ አየር የእግዜር ነው» ባይ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን ስናወራ አንድ ሸበቶ ዘፋኝ ፖሊስ አስከትሎ ገባ።

«አንተ ሌባ! ላቤን እየቸበቸብክ አይደል? አልበሜን እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ካገኘሁት እሱ ወደ ኤግዚቢት፣ አንተ ወደ እስር ቤት!»

ምናሴ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ኮምፒውተሩ ራሱ ላብ አጠመቀው። ዘፋኙ ወንበሩን ነጥቆ ተቀመጠና ስሙን ጽፎ ፈለገ። የለም። በአልበሙ ርዕስ ፈለገ። የለም። ፖሊሱ መጠበቅ ሰልችቶት ለራሱ ሞባይል ዘፈን መምረጥ ጀመረ።

ዘፋኙ ቀስ ብሎ ወደ ምናሴ ዞረ።

«የእኔ ምን ጎድሎት ነው?»

«ኧረ ምንም አልጎደለውም ጋሼ... ብቻ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ዘፋኙ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጫነው። ለመጣው ሁሉ በነፃ ስጥ።»

በሳምንቱ ብቻውን ተመለሰ። በሩ ላይ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህሳ፣ ሰረቁኝ?» አለ።

ምናሴ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ብድግ አልኩ።

«ምን ይጠይቃሉ ጋሼ! ከተማው ሙልጭ አድርጎ ነው የዘረፈዎት!»

«እነዚህ ሌቦች!» አለና ደረቱን ነፍቶ፣ የራሱን ዘፈን እያፏጨ ሄደ።

ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት ሌቦቹን ብቻ ነው።