በጋን የተሠራ ድምፅ

ባሌን ካሴን ጉማራ ወንዝ ከወሰደው ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታናሽ ወንድሙ ማረው ከወረታ በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ተሸክሞ መጣ። ለሙት ዓመቱ ዘመድ የሚሰማውን የካሴን ድምፅ ሊሠራ ነው፤ እሱ፣ የፍየል ድምፅ ያለው ሰው!

ጭንቅላቱን ባዶ ጋን ውስጥ ከትቶ፣ ካሴ ከእርሻ ሲመለስ እንደሚለው «ቤቶች!» ብሎ አንድ ጊዜ ጮኸና ቀዳው። ሲያሰማኝ የሚዞረውን ጥቅልል በአውራ ጣቱ ያዝ አደረገው፤ ድምፁ ወፈረ።

«እትዬ፣ ቁርጥ ጋሼን አይደለም?»

«ጋን የገባ በሬ ነው» አልሁት። ካሴ «ደጆች!» ብዬ ሳልመልስለት ደፉን ተሻግሮ አያውቅም ነበር፤ ለዚህ ቀልድ ግን ያንን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። «ዘመድ ፊት ከምታዋርደኝ ጣትህን አንሣና የራስህን ድምፅ ስማው።»

እየሳቀ አነሣ። ጥቅልሉ ፈጠነ፤ ድምፁ ግን አልቀጠነም። «ቤቶች!» አለ። ትንሽ ጠበቀና ደገመ።

«እኔ አንዴ ነው ያልሁት» አለ ማረው፤ ቴፑን አጠፋው።

ሦስተኛው «ቤቶች!» ከደጅ መጣ።

ልመልስ አፌን ስከፍት ማረው በሁለት እጁ ከደነው።